ማን ሞተና ነው ድንኳን?

እናቴ እንደዚህ ያለችው ወንድሜ ሻንጣውን ሳሎን መሃል ከፍቶ አረንጓዴ ጥቅልል ሲያወጣ ነው። ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ነበር። ከዴንቨር ሁለት ልጆቹን ይዞ ለገና መጥቷል። ከሻንጣው መጀመሪያ ጫማ ወጣ፣ ቫይታሚን ወጣ፣ የደም ግፊት መለኪያ ወጣ። መጨረሻ ላይ ሁለት ድንኳን።

«ካምፒንግ ልንሄድ ነው እማዬ» አላት።

«የት?»

«ባሌ።»

«ባሌ ማን አለን?»

ማንም የለንም። ችግሩም እሱ ነው። በእናቴ ሂሳብ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሌላ አገር የሚያድረው ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለጠበል ወይም ለንግሥ ነው። ዘመድ የሌለበት ተራራ ሄዶ፣ ደህና አልጋ ቤቱ እያለ፣ በገዛ ገንዘቡ መሬት ላይ መተኛት ምን ይባላል? ቃሉም የለንም። «ሽርሽር» እንዳይባል ሽርሽር ሲመሽ ቤት ይመልሳል። «ሰፈራ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሲሰሙት ፊታቸው የሚለዋወጥ ሰዎች አሁንም አሉ። ስለዚህ ካምፒንግ አልነው።

ድንኳን ላይ ግን እናቴ እውነቷን ነው። እኛ ሰፈር ድንኳን የዕድር ነው። ጧት ወደ ሥራ ስወጣ መንገድ ዳር ሸራ ተወጥሮ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ካየሁ ልቤ ድንግጥ ይላል። ማን ይሆን እያልኩ በሮቹን እቆጥራለሁ። የሰርግም ድንኳን አለ፤ ሐሳቤ መጀመሪያ የሚሄደው ግን ወደ ሰርግ አይደለም። ከዚህ ሌላ የማውቀው የታቦት ድንኳን ነው። ለከተራ፣ ጥር 10 ማታ፣ ጃንሜዳ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የሚያድረውን ሕዝብ አይታችሁት ከሆነ፣ ውጭ ማደር አዲስ አበቤም በዓመት አንድ ሌሊት ያውቅበታል። ታቦት ስላለ እንጂ ለደስታው ብሎ እዚያ ብርድ ላይ የሚቀመጥ የለም። እኔ ሁለቴ አድሬ ሁለቴም ጉንፋን ይዞኝ ተመልሻለሁ።

ወንድሜ ዕቅዱን በወረቀት አትሞ ነበር የመጣው። የመጀመሪያው ሌሊት ዲንሾ፣ ፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ኮረብታ ላይ። በማግስቱ ሳነቴ አምባ፣ ቀይ ቀበሮ። ሁለተኛው ሌሊት ሀረና ጫካ ውስጥ፣ ካቻ የሚባል ሜዳ። ሦስተኛው ቀን ወደ ቤት። የመነሻው ሰዓት ሳይቀር ተጽፏል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ወረቀቱ አሁንም እኔ ጋ አለ። ከተጻፈው የተፈጸመው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ አንደኛውም መነሳታችን ነው።

እናቴ ትቅር ብለን ነበር። ያኔ 68 ዓመቷ ነበር፣ ደም ግፊትም አለባት። «የልጅ ልጆቼን ሜዳ ላይ አሳድራችሁ እኔ አልጋ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል?» አለች። ልጆቹን በሦስት ዓመት አንዴ ነው የምታያቸው። አንዷን ቀን ለተራራ መስጠት አልፈለገችም። ከዚያ ዕቃ ማውጣት ጀመረች። ጀበና፣ ስኒ፣ ከሰል ማንደጃ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ቅቤ የነካው የለም። መጨረሻ ላይ ከቁም ሳጥኑ ሥር የመንዙን ባና ጎትታ አወጣችው።

ባናውን የሚያውቅ ያውቀዋል። የበግ ጠጉር ነው፣ ጥቁር ነው፣ ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ በግ በግ ይሸታል። አያቴ የሰጠቻት ነው። እኛ ልጆች ሳለን ሲታመም ሰው ይለብሰው ነበር፤ ከዚያ ስፖንጅና ብርድ ልብስ መጣና ተረሳ። ወንድሜ ሳቀ። «እማዬ፣ ይሄ ብቻውን አንድ ሰው ያክላል። ስሊፒንግ ባግ ይዣለሁ እኮ» አላት። እሷም «የዴንቨር ብርድ ነው የሚያውቀው» አለችና ባናውን እንደ ፍራሽ ጠቅልላ በር ላይ አቆመችው። የወንድሜ ስሊፒንግ ባጎች የበጋ ናቸው። የክረምቶቹ ሻንጣ ይሞላሉ ብሎ ቀጫጭኖቹን ነው ያመጣው። ይህን የነገረን ዲንሾ ከደረስን በኋላ ነው።

የተከራየነው ዶልፊን 11 ሰዓት አልመጣም። 1 ሰዓት ተኩል መጣ። ሰባት ሆነን ተጫንን፤ እናቴ፣ ወንድሜ፣ ሁለቱ ልጆቹ፣ እኔ፣ ባለቤቴና የስድስት ዓመቱ ልጃችን ማሙሽ። ዝዋይ ላይ ዓሣ ልንበላ ወረድን። ዓሣ የጾም ነው አይደለም በሚለው ክርክር ግማሽ ሰዓት ሄደ። እናቴ አልተከራከረችም። ዝም ብላ ቆሎዋን ይዛ መኪና ውስጥ ቀረች፤ ያ ደግሞ ከክርክሩ ይብሳል። ኮፈሌን እንዳለፍን ጎማ ተነፈሰ። ተጠባባቂው ጎማም ንፋስ አልነበረውም። እሱን መንገር አያስፈልግም፣ የጎማ ታሪክ ሁሉም ሰው አለው። ዶዶላ ላይ ፀሐይ ጠለቀች፣ አዳባ ላይ ጨለመ። ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ስንደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊሆን ነበር።

በሩን አልፈን ኮረብታውን ስንወጣ የመኪናው መብራት ዛፎቹ መሃል ዓይን አበራ። አንድ ሳይሆን ብዙ። ሾፌሩ ቆመ። ትልልቅ፣ ግራጫ፣ ቀንዳቸው የተጠማዘዘ፣ እንደ በሬ ረጋ ብለው የሚያዩን። የደጋ አጋዘን። ልጆቹ እስትንፋሳቸውን ያዙ።

«ይሄ ሲጋራው ላይ ያለው አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ።

ነው። ኒያላ። አሥር ሳንቲሙ ላይም ያለው እሱ ነው። በኪሳችን ስንይዘው የኖርነውን እንስሳ በአካል ለማየት ዕድሜዬ 39 መሙላት ነበረበት። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ትልቅ ሆኖ ሳለ ሳይንስ እንኳ ያወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ወንድሜ እየነገረን ሳለ አንዱ ወንድ ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ።

ከዚያ ድንኳኑ። ሎጁ በእንግዶች ሞልቷል፣ ሌላ ምርጫ የለም። ወንድሜ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ የመጀመሪያውን በአሥር ደቂቃ ተከለው። ለአራት ሰው የተሠራ ነው። ሁለተኛውን ፈታ። ሸራው አለ፣ ካስማው አለ፣ አውታሩ አለ። ምሰሶው የለም። ቦርሳውን ገለበጠው። መኪናውን አራገፍን። ማሙሽ የባሰ ዝም ብሎ ሲያይ ገባኝ። በዋዜማው የአክስትና የአጎት ልጆች ሳሎን ውስጥ እንደ ብር የሚያበራ ዘንግ ይዘው ሰይፍ ሲማዘዙ አይቻለሁ። ከየት አመጣችሁት ብዬ አልጠየቅኩም።

ወንድሜ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሳቅኩበት፤ መሳቅ አልነበረብኝም። ይህን ጉዞ ለሁለት ዓመት ሲያስበው እንደነበር በኋላ ነው የነገረኝ። ልጆቹ ኢትዮጵያ ሲባል የሚያውቁት የአያታቸውን ሳሎንና የትራፊክ መጨናነቅ ብቻ ሆኖበት ነበር።

ምድጃውም አልሠራም። የጋዝ ቆርቆሮው አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ ከአዲስ አበባ የገዛነው ደግሞ አፉ አልገጠመም። እናቴ ምንም ሳትል ማንደጃዋን አወረደች። እኛ ስለ ምሰሶው ስንጨቃጨቅ ከሰሉ ቀልቷል፣ ሻይ ፈልቷል። የወንድሜ ልጆች ማርሽማሎ በእንጨት ሰክተው ከሰሉ ላይ ጠበሱና ለእሷም ሰጧት። «ጾም ነው?» አለች። ማንም አላወቀም። ወንድሜ ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም። «በሉ ብሉት፣ እኔ በሶዬን ልጠጣ» አለች።

ብርዱን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ስላለ የቀኑን ሙቀት የሚይዘው የለም፤ ፀሐይዋ ይዛው ትገባለች። 4 ሰዓት ላይ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ድንኳኑ ጣሪያው መረብ ነው። ለኮከብ ማያ ተብሎ ነው። ኮከቡ በእርግጥ ይታያል። ብርዱም እንዳለ ይገባል።

እዚህ ላይ ነው እናቴ ኃላፊነቱን የወሰደችው። ማንም አልሰጣትም። ባለቤቴና ሾፌሩ መኪና ውስጥ ይተኙ አለች። ሦስቱ ልጆች መሃል፣ እኔ በአንድ በኩል፣ ወንድሜ በሌላው፣ እሷ በር ላይ። ጭንቅላት ሁሉ ወደ ዳገቱ። ጫማ ውጭ አይደር፣ ጧት ድንጋይ ይሆናል። የተረፈውን ሙቅ ውኃ ቀዝቀዝ አድርጋ ሃይላንድ ላይ ሞላችና በየልጁ እግር ሥር ወሸቀችው። ከሥር ስሊፒንግ ባጎቹን ዘረጋች። ከላይ ባናው። ስድስታችንንም ሸፈነ። በግ በግ ይሸታል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሞቀን።

«እማዬ፣ ይሄን ሁሉ የት ተማርሽው?» አላት ወንድሜ በጨለማ ውስጥ።

መልስ አልሰጠችም። ከቁልቁለቱ በኩል ጅብ ጮኸ። ትልቁ የወንድሜ ልጅ ጭብጥ ብሎ ያዘኝ። እናቴ «ሩቅ ነው፣ ተኛ» አለችው። ከዚያ ለእሱ ብላ ይመስለኛል መናገር ጀመረች።

በልጅነቷ ከአባቷ ጋር በግ ጠብቃ ታድር እንደነበር ነገረችን። ስምንት ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ። ገሳ የሚባል ልብስ ነበር አለች፤ ከሣር የሚሠራ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ከሩቅ ሲያዩት የሣር ክምር የሚሄድ የሚመስል። ሣሩ ጓሳ ነው። ጓሳው የሚበቅልበት ተራራ እንደ ልብ አይገባበትም። ለዓመታት ይዘጋል፣ ጠባቂ አለው። ሲከፈት አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ይወጣል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ያጭዳል። የእነሱ ቤት ሩቅ ስለሆነ ሁለት ሌሊት እዚያው ያድሩ ነበር። አባቷ ያጨደውን ሣር ይቆልልና ልጆቹን ውስጡ ይቀብራቸዋል። «ከዚህ ይሞቃል» አለች። አንድ ሌሊት ታናሽ ወንድሟ ከክምሩ ወጥቶ ሽንት ሊሸና ሄዶ መንገዱ ጠፋበት። ጨለማ ውስጥ ስሙን እየጠሩ እስኪነጋ ዞሩ። ተገኘ፤ ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ ሳል ያዘው። በዓመቱ ሞተ።

አጎት እንደነበረኝ አላውቅም ነበር።

እኔ ስለ መንዝ የማውቀው ይህን ነው፤ ይበርዳል፣ ባና ይሠራል፣ እናቴ በ14 ዓመቷ አክስቷ ጋ አዲስ አበባ መጣች። ከመጣች በኋላ ያለውን ሁሉ አውቃለሁ። የቆርቆሮ ቤት እንዴት እንደተሠራ፣ ሲሚንቶው ስንት እንደነበር፣ የመጀመሪያው አልጋ ከማን እንደተገዛ። እነዚህን መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት ያለውን ጠይቄ አላውቅም። ወንድሜም አልጠየቀም። በጨለማው ውስጥ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት፤ በብርዱ ነው ብዬ ተውኩት።

ጧት ድንኳኑ ነጭ ሆኖ አደረ። ውርጭ ነው። የስድስታችን ትንፋሽ ከውስጥ በረዶ ሠርቶ ፀሐይ ሲነካው ፊታችን ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ስወጣ እናቴ ጀበና ጥዳ ተቀምጣለች። ለእኛ ነው፤ እሷ ጾሙን እስክትፈታ ገና ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ከርከሮ ከነግልገሎቹ ተንበርክኮ ሣር ይግጣል። አስጎብኚያችን ሲመጣ እሷው ናት ስኒ የያዘችለት። ከየት አገር ናችሁ፣ ስንት ልጅ አለህ፣ እናትህ ደህና ናት ወይ፤ አምስት ደቂቃ ውስጥ ባሌ ዘመድ አገኘች።

ሳነቴ የወጣነው በሮቤና በጎባ በኩል ነው። ወንድሜ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስላለች ልጆቹ ከፍታ እንደለመዱ ሲነግረን ነበር። አዲስ አበባ 2,400 ናት ብዬ ላስታውሰው አልፈለግኩም። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ሜዳው ላይ እንደ ሰው ተራርቀው ቆመዋል። ጥድ የለ፣ አስታ የለ፣ ሰማይና ድንጋይ ብቻ። ትንሹ የወንድሜ ልጅ መጀመሪያ ራሴን አለ፣ ከዚያ አስመለሰ። ማሙሽ ተከተለው። ባለቤቴም ገረጣ። ያልታመመችው እናቴ ብቻ ናት።

መኪናው ቆሞ ልጆቹን ስናራግብ አስጎብኚው ክንዴን ነካ አደረገኝ። መቶ ሜትር አይሆንም። ቀይ፣ እግረ ረጅም፣ ጭራዋ ጫፉ ጥቁር። አፍንጫዋን ጉድጓድ ላይ ደግና እንደ ሐውልት ቆማለች። ግዙፉ ፍልፈል ብቅ እስኪል እየጠበቀች ነው አለን። በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ ይሏታል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት። ልትወልድ የደረሰች ፈረስ እየተከተለች የእንግዴ ልጁን ስለምትበላ ነው። በዓለም ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ናቸው። ሰው ይዞት የሚመጣው ውሻ በሽታ ያመጣባቸዋል፣ በእብድ ውሻ በሽታ ብዙ አልቀዋል። ወንድሜ ካሜራውን ይዞ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከዕቅዱ የተፈጸመው ሁለተኛው ነገር ይሄው ነው።

እናቴ በመስኮት አየት አደረገች።

«ይቺ ናት?»

«አዎ እማዬ! ቀይ ቀበሮ!»

«አውቃታለሁ እኮ። ጓሳ ላይ ሞልታ የለ እንዴ? ግልገል ትወስድብን ነበር።»

ወንድሜ ካሜራውን አወረደ። «መንዝ ቀይ ቀበሮ አለ?» ብሎ አስጎብኚውን ጠየቀ። አለ፣ መንዝ ጓሳ አለ አስጎብኚው። ብርዱም፣ ጅብራውም፣ ሁሉም አለ፤ ጭላዳ ደግሞ እዚያ አለ፣ እዚህ የለም። ከአዲስ አበባም ከዚህ ይቀርባል።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሀረና አልወረድንም። ከአምባው ጫፍ ቁልቁል ስናይ ጫካው በጉም ተሞልቶ ነበር፤ ያየነው ጉሙን ነው። ልጆቹ እየባሰባቸው ስለሄደ ወደ ጎባ ተመለስንና ፔንሲዮን አደርን። ሙቅ ውኃ አለ ተብሎ አልነበረም። ወንድሜ ማታ ቢራ ይዞ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ስለ ድንኳኑ አላነሳም። «የአጎታችን ስም ማን ነበር?» አለኝ። አላወቅኩም። ውስጥ ገብተን ጠየቅናት። ነገረችን። ማሙሽ የተሰየመው በእሱ ነው። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት፣ እኔ ዝም ብሎ ደስ ያላት ስም መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ወንድሜ ተመልሶ ይመጣና ጓሳ እንሄዳለን ተባለ። እሷን ይዘን። ከዚያ ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነቱ መንዝ ድረስ ወረደ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል፤ እሷም 70ዎቹ ውስጥ ገባች። ባሌ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ወንድሜ ዜናውን ላከልኝ። እኔም ለእሷ አነበብኩላት። «እሰይ፣ ያ ልጅ ደስ ይበለው» አለች፤ አስጎብኚውን ማለቷ ነው።

የጠፋው ምሰሶ ወንድሜ ከሄደ በኋላ ለጥምቀት ቤት ስናጸዳ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ተገኘ። ድንኳኖቹን ለእኛ ትቶ ነበር የሄደው። በ2012፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ግድግዳ በሚቧጥጡበት ጊዜ፣ ማሙሽ ሳሎን ውስጥ ልትከለው አለ። እናቴ ቤት ውስጥ ድንኳን አይተከልም ብላ ከለከለች። ግቢ ውስጥ ተከለው። ባናውን ጎትቶ አስገባ፣ ከዚያ እሷን።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን በበሩ ቀዳዳ አየችን መሰለኝ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች።

«ምነው፣ በደህና ነው?»

«ደህና ነን» አለች እናቴ ከውስጥ። «ካምፒንግ ነው።»